መሥራቹ ሞተው ንቅናቄው ለምን ኖረ? የፔሮኒዝም ታሪክ

ማርች 5 ቀን 1956 የአርጀንቲና ወታደራዊ መንግሥት አዋጅ ቁጥር 4161ን አወጣ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዋጁ የከለከለው ስም መጥራትን ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት በመፈንቅለ መንግሥት የወረዱት የሁዋን ዶሚንጎ ፔሮን ስም፣ የሟች ባለቤታቸው የኤቫ (በሕዝቡ አጠራር የኤቪታ) ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍና ሐውልት፣ የደጋፊዎቻቸው መዝሙር፣ “ፔሮኒስት” የሚለው ቃል ሳይቀር በወንጀል የሚያስጠይቅ ሆነ። ቅጣቱ ከ30 ቀን እስከ 6 ዓመት እስራት ነበር። ጋዜጦች ሰውየውን ማንሳት ግድ ሲሆንባቸው “የሸሸው አምባገነን” እያሉ ጻፉ።

የመኮንኖቹ ስሌት ግልጽ ነው። ንቅናቄው ማለት ሰውየው ነው፤ ሰውየው ከአገር ወጥቷል፤ ስሙ ከአፍ ከጠፋ ሕዝቡም ይረሳዋል። ስሌቱ ያለ መሠረት አልነበረም። በዚያው አህጉር የኢኳዶሩ ሆሴ ማሪያ ቬላስኮ ኢባራ አገራቸውን አምስት ጊዜ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ ሕዝብን በንግግር የሚያንቀሳቅስ እንደ እሳቸው ያለ ሰው አልነበረም፤ በ1979 ሲሞቱ ግን ንቅናቄያቸውን ተሸክሞ የሚሄድ ፓርቲ አልተገኘም። በኮሎምቢያ ጄኔራል ጉስታቮ ሮሃስ ፒኒያ የመሠረቱት አናፖ በ1970ው ምርጫ ፕሬዚዳንትነቱ ለጥቂት አመለጠው። ከአራት ዓመት በኋላ ልጃቸው ማሪያ ኤውሄኒያ ስትወዳደር ድምፁ ከ10 በመቶ በታች ወረደ። እሳቸው በ1975 አረፉ፤ ፓርቲውም ዳግመኛ ወደ ቀድሞ ጉልበቱ አልተመለሰም። ሕዝብን በአንድ ሰው ድምፅ ያሰባሰቡ ንቅናቄዎች አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻቸው ይህ ነው።

አርጀንቲና ላይ ግን ስሌቱ ከሸፈ። ፔሮን ከሞቱ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከ1983 እስከ 2023 በአገሪቱ ከተካሄዱት 10 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች 6ቱን ያሸነፉት ፔሮኒስቶች ናቸው። ፓርቲው ታግዷል፤ መሪዎቹ ታስረዋል፤ ተገድለዋል፤ እርስ በርሳቸውም ተገዳድለዋል። ሆኖም ኖሯል።

ይህን ዕድሜ ለፔሮን ብልሃትና ለኤቪታ ተወዳጅነት የሚሰጡ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ፔሮን በሕይወት ሳሉ ፓርቲያቸው በራሱ እግር እንዳይቆም ደጋግመው ከልክለዋል፤ በመጨረሻ ተተኪ ሲመርጡም ምርጫቸው አገሪቱን ወደ መከራ ነው የመራት። ንቅናቄውን በሕይወት ያቆዩት መሥራቹ ብቻቸውን ያልፈጠሯቸው፣ ቢፈልጉም ሊያፈርሷቸው ያልቻሉ ነገሮች ናቸው። ታሪኩን ከሥሩ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ፔሮን ወደ ሥልጣን የመጡት በጁን 1943 መንግሥት ከገለበጡት መኮንኖች አንዱ ሆነው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማንም ያልፈለገውን የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጠይቀው ተረከቡ። የአርጀንቲና ሠራተኛ ማኅበራት በዚያን ጊዜ አዲስ አልነበሩም። ሶሻሊስቶችና ኮሚኒስቶች ለአሥርተ ዓመታት የደከሙባቸው ነበሩ፤ ጠቅላላው የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ራሱ የተመሠረተው በ1930 ነው። የጎደላቸው ድርድራቸውን የሚያከብርላቸው መንግሥት ነበር። ኮሎኔል ፔሮን ይህን ሰጡ። በ1944 ጌታው እንደፈለገ ሲያሠራው የኖረው የገጠር ሠራተኛ መብቱ በደንብ ተጻፈለት። የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ፤ የዓመት እረፍት ከደመወዝ ጋር ተስፋፋ፤ በዲሴምበር 1945 ደግሞ አጊናልዶ የሚባለው 13ኛ ደመወዝ በድንጋጌ ታወጀ። አጊናልዶ እስከ ዛሬ ይከፈላል። በየዓመቱ የሚቀበለው ሠራተኛ የማንም መሪ ፎቶግራፍ ሳይሰቀልለት ከማን ዘመን እንደመጣ ያውቃል።

የንቅናቄው የልደት ቀን ተብሎ የሚከበረው ኦክቶበር 17 ቀን 1945 ነው። ስለዚህ ቀን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ማታ ላይ ፔሮን ከካሳ ሮሳዳ ቤተ መንግሥት ሰገነት ያደረጉት ንግግር ነው። እኔ ግን ጠዋት የሆነው የበለጠ ይገርመኛል። ፔሮን በባልደረቦቻቸው ግፊት ሥልጣን ለቀው፣ በማርቲን ጋርሲያ ደሴት ታስረው፣ በዚያን ዕለት ወደ ወታደራዊ ሆስፒታል ተዛውረው ነበር። ኮንፌዴሬሽኑ ከብዙ ክርክር በኋላ አድማ የጠራው ለ18 ነው። ሠራተኛው አንድ ቀን ቀድሞ ወጣ። ከቤሪሶ የሥጋ ፋብሪካዎች፣ ከአቬያኔዳ የፋብሪካ ሰፈሮች በእግሩ ጎረፈ፤ የሪያቹዌሎ ወንዝ ድልድዮች ተነሥተው መንገድ ሲዘጋበት በጀልባ ተሻገረ፤ ማዮ አደባባይ ደርሶ በፏፏቴው ገንዳ እግሩን ነከረ። መሪው እስር ላይ ሆኖ፣ የበላይ አመራሩ እያመነታ፣ ሰልፉን ያንቀሳቀሱት የየፋብሪካው አስተባባሪዎች ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህ ንቅናቄ ሁለት እግር ነበረው፤ አንደኛው ሰውየው፣ ሁለተኛው ማኅበራቱ።

ማኅበራቱ በዚያው ወር የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ፤ የሠራተኛ ፓርቲ ተባለ። ከፊት መስመር የነበሩት የስልክ ሠራተኞች መሪ ሉዊስ ጋይና ከቤሪሶ የሥጋ ሠራተኞች የመጣው ሲፕሪያኖ ሬዬስ ናቸው። ፔሮን በፌብሩዋሪ 1946 ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት በዋናነት በዚህ ፓርቲ ጉልበት ነው። ገና ሥልጣን ሳይረከቡ በሜይ ፓርቲው እንዲፈርስ አዘዙ። ጋይ የኮንፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሁለት ወር ገደማ ከቆየ በኋላ በጃንዋሪ 1947 ተገፍቶ ወጣ። ሬዬስ አልታዘዝም አለ፤ በ1948 ታሰረ፤ የተፈታው ፔሮን በ1955 ሲወድቁ ነው። በኦክቶበር 17 ለፔሮን መፈታት ያን ሁሉ ሕዝብ ካስተባበሩት አንዱ የፔሮን እስረኛ ሆኖ ሰባት ዓመት ማሳለፉ በዚህ ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ሊዘለል የማይገባ በደል ነው። አዲሱ ፓርቲ በመሪው ስም የፔሮኒስት ፓርቲ ተባለ፤ መተዳደሪያ ደንቡም የበላይ መሪው ማንኛውንም የፓርቲ ውሳኔ እንዲሽሩ ሥልጣን ሰጣቸው።

ነገር ግን ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት በታች ሌላ ነገር እየተተከለ ነበር። የማኅበራቱ አባላት ቁጥር በ1945 ከግማሽ ሚሊዮን በጥቂቱ የሚበልጥ ነበር፤ በ1954 ከ2 ሚሊዮን አለፈ። በየፋብሪካው ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚመርጧቸው የተወካዮች ኮሚቴዎች ተስፋፉ። በሰፈር ደግሞ “ኡኒዳድ ባሲካ” የሚባለው ቤት መጣ፤ የንቅናቄው የቀበሌ ማዕከል ማለት ነው። በተለይ ኤቪታ በ1949 የሴቶችን ፔሮኒስት ፓርቲ ሲያቋቁሙ 23 ሴቶችን መርጠው ወደየክፍለ ሀገሩ ላኩ። እነዚህ ሴቶች ቤት ተከራይተው፣ በር ለበር ዞረው፣ ማንበብና ልብስ ስፌት እያስተማሩ አባል መዘገቡ። ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1947 ነው፤ በ1951 ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ድምፅ ሲሰጡ 23 ሴቶች የምክር ቤት አባል፣ 6 ደግሞ ሴናተር ሆኑ፤ ሁሉም ፔሮኒስቶች ነበሩ። ኤቪታ በጁላይ 1952 በ33 ዓመታቸው አረፉ። ያቋቋሟቸው የሰፈር ቤቶች ግን በሴቶቹ እጅ ቀሩ።

መኮንኖቹ በ1955 ያላዩት ይህን ነው። በጁን የባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ፔሮንን ለመግደል በጠራራ ፀሐይ ማዮ አደባባይን ሲደበድቡ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። በሴፕቴምበር ፔሮን በፓራጓይ ጀልባ ተሳፍረው ተሰደዱ። አዲሶቹ ገዥዎች የኤቪታን አስከሬን ሳይቀር ሰርቀው በሐሰት ስም ሚላን ውስጥ ቀበሩት፤ ወደ ፔሮን የተመለሰው በ1971 ነው። በጁን 1956 የተቃጣውን አመፅ ተከትሎ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሕዝቡ እንዲረሳ የታሰበው ሁሉ የማይረሳው ሆነ።

የእገዳው 18 ዓመታት በእኔ እምነት የንቅናቄው እውነተኛ ትምህርት ቤት ናቸው። መሪው ሩቅ ነበሩ፤ ከፓራጓይ ወደ ፓናማ፣ ወደ ቬኔዙዌላ፣ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በመጨረሻም ከ1960 ጀምሮ ማድሪድ። የሚደርሰው ደብዳቤና በቴፕ የተቀረጸ ድምፅ ነበር። አንዱ ከማድሪድ ሲመለስ “ጄኔራሉ ትግሉን ግፋ ብለውኛል” ይላል፤ ሌላው ሳምንት ቆይቶ “ታገሥ ብለውኛል” የሚል ደብዳቤ ያሳያል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ትእዛዙ እንዲህ ሲምታታ የየዕለቱን ውሳኔ መወሰን የነበረባቸው እዚያው ያሉት ናቸው። መንግሥት የድሮዎቹን የማኅበር መሪዎች ሲያግድ በየፋብሪካው ያልታወቁ ወጣት ተወካዮች ተነሡ። በ1957 ለሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ ሲደረግ ከማንኛውም ፓርቲ ድምፅ የበለጠው ባዶ የድምፅ ወረቀት ነበር፤ 24 በመቶ ገደማ። ስሙ የተከለከለ ፓርቲ በባዶ ወረቀት አሸነፈ ማለት ነው። በ1962 ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች መሪ የነበሩት አንድሬስ ፍራሚኒ የቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገርን ገዥነት አሸነፉ፤ ወታደሮቹ ምርጫውን አሰረዙና ፕሬዚዳንቱን አወረዱ።

ማኅበራቱ ከዚህ ሁሉ ጎን ሀብት እያፈሩ ነበር። በ1958 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ የሥራ ዘርፍ ዕውቅና ያለው አንድ ማኅበር እንዲኖርና መዋጮው ከደመወዝ ላይ እየተቆረጠ እንዲገባለት አደረገ። በ1970 ደግሞ፣ የሚገርመው በወታደራዊ መንግሥት፣ የሠራተኛው የጤና መድን በማኅበራቱ እጅ እንዲተዳደር ተደነገገ። ክሊኒክ፣ ፋርማሲ፣ በማር ዴል ፕላታ የባሕር ዳርቻ ለአባላት ሆቴል ያለው ማኅበር መሪው ማድሪድ ስለሆነ ብቻ አይበተንም።

ከዚህ ጉልበት የተነሣ “ፔሮኒዝም ያለ ፔሮን ይቻላል” የሚል ሐሳብ ብቅ አለ። ሐሳቡን የተሸከሙት የብረታ ብረት ሠራተኞች መሪ አውጉስቶ ቫንዶር ነበሩ፤ በዘመኑ ከእሳቸው የሚበልጥ ተደራዳሪ አልነበረም። ፈተናው በኤፕሪል 1966 በሜንዶሳ ክፍለ ሀገር የገዥነት ምርጫ መጣ። ቫንዶር አንድ እጩ ደገፉ፤ ፔሮን ባለቤታቸውን ኢሳቤልን ከማድሪድ ልከው ሌላ እጩ ደገፉ። ምርጫውን ወግ አጥባቂው ወሰደ፤ የፔሮን እጩ ግን የቫንዶርን በድምፅ በለጠ። ቫንዶር በ1969 በቢሯቸው ተገደሉ። ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚያነቡት “ያለ መሪው ምንም ማድረግ አይቻልም” ለሚለው ማስረጃ አድርገው ነው። እኔ የማየው ግን መሪው በሕይወት እያለ ስሙን ማንም ሊወርስበት እንደማይችል ነው። ቫንዶር ተሸነፉ፤ የገነቡት ድርጅት ግን ከእሳቸውም ከፔሮንም በኋላ ቆሞ ነበር።

አሁን ወደ መራራው ምዕራፍ እንግባ። በጁን 1973 ፔሮን ጠቅልለው ተመለሱ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በ62 በመቶ ድምፅ ለሦስተኛ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዕድሜያቸው 78 ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር፤ ልባቸውም ደክሟል። በእሳቸው ስም የሚምሉት ወገኖች በዚያን ጊዜ ደም ተቃብተዋል። በጁን 20 ሊቀበሏቸው ኤሴይሳ አውሮፕላን ማረፊያ በወጣው ሕዝብ መካከል ቀኝና ግራ ፔሮኒስቶች ተታኩሰዋል። ከምርጫው በሁለተኛው ቀን የኮንፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊ ሆሴ ኢግናሲዮ ሩቺ ተገደሉ። በዚህ ሁኔታ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ምርጫ የተተኪ ምርጫ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ፔሮን ባለቤታቸውን ኢሳቤልን መረጡ፤ በመንግሥት ሥራ ልምድ ያልነበራቸው፣ በራሳቸው ስም አንድም ወገን ያላደራጁ ሰው። አንዱን ወገን ቢመርጡ ሌላው ስለሚነሣ፣ ማንንም የማያሰጋ ሰው አስቀመጡ። ብቸኛ ወራሻቸው ሕዝቡ እንደሆነ ተናግረዋል፤ ሕዝቡ ግን ውርሱን የሚረከብበት አንድም ደንብ፣ አንድም የምርጫ ሣጥን አልተዘጋጀለትም ነበር። ጁላይ 1 ቀን 1974 አረፉ።

ቀጥሎ የመጣውን አርጀንቲናውያን አልረሱትም። የኢሳቤል ቀኝ እጅ ሆሴ ሎፔስ ሬጋ ከጀርባ ያንቀሳቀሱት “ትሪፕል ኤ” የሚባል የገዳይ ቡድን ግራ ዘመሞችን ከቀድሞው በበለጠ ያድን ጀመር። በጁን 1975 የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ገንዘቡን ከግማሽ በታች አርክሰው የነዳጅና የትራንስፖርት ዋጋን ሰቀሉ። ያን ጊዜ ታሪክ የተሠራው በማኅበራቱ ነው፤ ኮንፌዴሬሽኑ በፔሮኒስት መንግሥት ላይ የመጀመሪያውን ጠቅላላ አድማ ጠራ። ሎፔስ ሬጋ አገር ጥለው ወጡ፤ ሚኒስትሩም ወረዱ። የመሪው መበለት በሥልጣን ላይ፣ የመሪው ሠራተኞች በአደባባይ፤ ንቅናቄው ከቤተሰቡ መለየት የጀመረው በዚያች ጁላይ ነው።

ማርች 24 ቀን 1976 ወታደሮቹ ተመለሱ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሰዎችን ከቤታቸው እየወሰዱ ሰወሩ። በኋላ የተቋቋመው የምርመራ ኮሚሽን ወደ 9 ሺህ የሚጠጉትን መዘገበ፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ቁጥሩን 30 ሺህ ያደርሱታል። ከተሰወሩት መካከል ብዙ የፋብሪካ ተወካዮችና የሰፈር አደራጆች ነበሩ። ንቅናቄውን ያቆመው ክፍል ላይ እንዳነጣጠሩ ከዚህ ይታያል።

ዴሞክራሲ በኦክቶበር 1983 ሲመለስ ፔሮኒስቶች ማሸነፋቸውን አልተጠራጠሩም። የፓርቲው ሊቀመንበር በወረቀት ላይ አሁንም ማድሪድ የተቀመጡት ኢሳቤል ነበሩ፤ ቤቱን የሚያዙት የብረታ ብረት ማኅበሩ ሎሬንሶ ሚጌልና ጓዶቻቸው ናቸው። በመዝጊያው ሰልፍ ላይ ለቦነስ አይረስ ገዥነት የሚወዳደሩት ኤርሚኒዮ ኢግሌሲያስ የተቃዋሚውን ፓርቲ ምልክት የያዘ የሬሳ ሣጥን በእሳት አያያዙ፤ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። ከገዳዮች ዘመን ገና ለመውጣት በሚጣጣር ሕዝብ ፊት ሬሳ ሣጥን ማቃጠል! ራውል አልፎንሲን 52 በመቶ ሲያገኙ የፔሮኒስቱ እጩ ኢታሎ ሉደር 40 በመቶ ላይ ቀሩ። ፔሮኒዝም በነፃ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚህ ሽንፈት የተነሡት “አዳሾች” የተባሉት ናቸው። አንቶኒዮ ካፊዬሮ በ1985 ከፓርቲው ዝርዝር ውጭ ተወዳድረው ኢግሌሲያስን አሸነፉ፤ በ1987 የቦነስ አይረስ ገዥ፣ ቀጥሎም የፓርቲው ሊቀመንበር ሆኑ። የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፤ እጩዎችን ማኅበር መሪዎች ክፍል ዘግተው ከሚመርጡ አባላቱ በቀጥታ ይምረጡ። ጁላይ 9 ቀን 1988 የፓርቲው አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሬዚዳንት እጩያቸውን ለመምረጥ ተሰለፉ። ካፊዬሮ መዋቅሩ፣ አብዛኞቹ የክፍለ ሀገር ገዥዎችና ትልቁ ክፍለ ሀገር ከኋላቸው ነበሩ። ተፎካካሪያቸው የትንሿ ላ ሪዮሃ ገዥ ካርሎስ ሜኔም ነበሩ። ሜኔም አሸነፉ። ካፊዬሮም ሽንፈታቸውን ተቀበሉ፤ ፓርቲውን አልከፈሉም።

በንቅናቄው ታሪክ ከኦክቶበር 17 ቀጥሎ የማስቀምጠው ቀን ይህ ነው። 14 ዓመት ሙሉ “ፔሮን ማንን ይመርጡ ነበር?” እየተባለ ተገድሏል፤ ተሰድዷል። መልሱ የመጣው ከሟቹ ቃል ሳይሆን ከአባላቱ የምርጫ ሣጥን ነው።

ይህን ስል የመጣው ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ሜኔም በ1989 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ3,000 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያም የመንግሥትን ድርጅቶች ሸጡ፤ የስልክ ድርጅቱን፣ አየር መንገዱን፣ ቀጥሎም ዋይ-ፔ-ኤፌ የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ። ዋይ-ፔ-ኤፌን በ2012 መልሶ የወሰደው መንግሥትም ፔሮኒስት ነው። አንድ ፓርቲ በ20 ዓመት ውስጥ ሸጦ መልሶ ሲገዛ ምን ያምናል ተብሎ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ስቲቨን ሌቪትስኪ በ1990ዎቹ ፓርቲውን አጥንቶ ያገኘው መልስ አለ። የፓርቲው ማዕከል ልል በመሆኑ መሪው እንደፈለገ አቅጣጫ መቀየር ይችላል፤ የሰፈር ቤቶቹ ደግሞ ከማዕከሉ ስለማይተዳደሩ የላይኛው ቢገለበጥም የታችኛው ሥራውን ይቀጥላል። ከላይ ያለው ፖሊሲ ሲቀየር ኡኒዳድ ባሲካው ውስጥ ያችው ሴትዮ ያንኑ ወተት ታድላለች።

የሚያሳዝነው ክፍል እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካዎች ሲዘጉ የማኅበራቱ ቦታ በሰፈር አደራጆች ተያዘ፤ “ፑንቴሮ” ይሏቸዋል። ፑንቴሮው ከማዘጋጃ ቤቱ የሚያገኘውን መድኃኒት፣ የእህል ከረጢትና የቀን ሥራ ለሰፈሩ ያካፍላል፤ ሰፈሩም ሰልፍ ይወጣል፤ ድምፅ ይሰጣል። የማኅበረሰብ ጥናት ሰው ሃቪዬር አውዬሮ በቦነስ አይረስ ዳርቻ ባለ የድሆች መንደር ይህን ሲከታተል አዳዮቹ ሴቶች ራሳቸውን በኤቪታ አምሳል እንደሚያቀርቡ ጽፏል። እንክብካቤው እውነት ነው፤ የተራበው በልቷል። በ1945 ግን ሠራተኛው የተሰጠው መብት ነበር፤ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚጠይቀው። በ1990ዎቹ የተሰጠው ነገር ሰጪው ነገ ሊነሣው የሚችል ነበር። ንቅናቄው ዕድሜውን የገዛው በድሆቹ ክብር ነው፤ ለዚህ ተጠያቂ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። በ2001 ኢኮኖሚው ከፈረሰ በኋላ አገሪቱን የተረከቧት ፔሮኒስቱ ኤድዋርዶ ዱዋልዴ ነበሩ። በ2003 ሦስት ፔሮኒስቶች እርስ በርስ ተወዳደሩ፤ ኔስቶር ኪርችነር በ22 በመቶ ድምፅ ሁለተኛ ወጥተው፣ አንደኛው ሜኔም ከሁለተኛው ዙር ሲሸሹ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኪርችነር በ2010 ሞቱ፤ ከሞታቸው በፊት በ2007 የተመረጡት ባለቤታቸው ክርስቲና በ2011 በ54 በመቶ እንደገና አሸነፉ። ለሁለተኛ ጊዜ መበለት ፕሬዚዳንት መሆናቸው ነው፤ ልዩነቱ ክርስቲና በራሳቸው ስም ምክር ቤት ተመርጠው፣ ሴናተር ሆነው፣ ሁለት ጊዜ የሕዝብ ድምፅ ያገኙ መሆናቸው ነው።

ከሌሎች ጋር ላነጻጽር። የፔሩ አፕራ መሥራቹ አያ ዴ ላ ቶሬ በ1979 ከሞቱ በኋላ በ1985 ፕሬዚዳንትነቱን አሸንፏል፤ እሱም እንደ ፔሮኒዝም በእገዳና በስደት የተፈተነ፣ በየአውራጃው ሥር የነበረው ፓርቲ ነው። በብራዚል የጄቱሊዮ ቫርጋስ የሠራተኛ ፓርቲ ግን መሥራቹ በ1954 ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ ቢቀጥልም፣ ወታደሮች በ1965 ሲያፈርሱት ተበተነ፤ በ1980 የቀረው በስሙ ላይ የተደረገ የፍርድ ቤት ክርክር ነበር። በቫርጋስ ሥርዓት ማኅበራቱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር እጅግ የተጣበቁ ነበሩና መንግሥቱ ሲነጠቅ የሚቆሙበት መሬት አነሳቸው። በቬኔዙዌላ ኡጎ ቻቬዝ በ2013 ሲሞቱ ንቅናቄያቸው ቀጥሏል፤ የቀጠለው ግን ጦሩንና ፍርድ ቤቱን እንደያዘ ነው። ሥልጣን ላይ ሆኖ መሪን ማለፍና ከሥልጣን ወጥቶ፣ ታስሮ፣ ስሙ ተከልክሎ መሪን ማለፍ አንድ ዓይነት ፈተና አይደሉም።

ፔሮኒዝም አሁንም ተቃዋሚ ሆኖ እየተፈተነ ነው። በኖቬምበር 2023 ሃቪዬር ሚሌይ ከ55 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉት። በዓመቱ የፓርቲው የሊቀመንበርነት ምርጫ ለኖቬምበር 17 ቀን 2024 ተቀጠረ። ከክርስቲና ጋር ለመወዳደር የቀረቡት ሪካርዶ ኪንቴላ ነበሩ፤ እሳቸውም የላ ሪዮሃ ገዥ ናቸው። የፓርቲው የምርጫ ቦርድ የደጋፊ ፊርማ አላሟሉም ብሎ ዝርዝራቸውን ጣለው፤ ክርስቲናም አንድም አባል ድምፅ ሳይሰጥ ሊቀመንበር ተባሉ። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙስና የተፈረደባቸውን 6 ዓመት እስራትና ከመንግሥት ሥልጣን የመታገድ ቅጣት አጸና፤ የፓርቲው ሊቀመንበር የቤት ውስጥ እስረኛ ሆኑ።

በ1988 አንድ የላ ሪዮሃ ገዥ የፓርቲውን ሊቀመንበር በአባላት ድምፅ ማሸነፍ ችሎ ነበር። በ2024 ለሌላው የላ ሪዮሃ ገዥ ሣጥኑ አልተከፈተለትም። ኪንቴላ ይሸነፉ ነበር ይሆናል፤ ጉዳዩ እሱ አይደለም። ፓርቲው ከፔሮን ሞት የተረፈበትን መንገድ ራሱ ዘግቷል፤ አባላቱ ያንን ሣጥን መልሰው ሊጠይቁ ይገባል።